«በሰላም ደርሻለሁ» ብዬ የላክሁት ኢሜይል

ያን ጊዜ ሥራዬ ለማላውቃቸው ሰዎች ኢሜይል መላክ ነበር። ስሜ መሠረት ነው። ወልቂጤ ተወልጄ ያደግኩ፣ ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲ በማርኬቲንግ የተመረቅኩ፣ ከምርቃት በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ሥራ አጥቼ እናቴ ቤት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። በመጨረሻ ጌታሁን የሚባል ነጋዴ ቀጠረኝ። ጌታሁን ፍሪጅ፣ ፍራሽ፣ ቴሌቪዥንና የመሳሰለውን ዕቃ ከአዲስ አበባ በትእዛዝ እያስመጣ ወልቂጤና ቡታጅራ ላሉ ደንበኞች ደጃቸው ድረስ የሚያደርስ ድርጅት ነበረው። ለድርጅቱ ያወጣለት ስም «ልጃችሁ» ነው። ሰው ስሙን ሲሰማ እንዲቀርበን ብሎ ነው።

ቢሯችን ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ጌታሁን ፍላሽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «መሲ፣ እዚህ ውስጥ ብዙ አድራሻ አለ። ለሁሉም ላኪላቸው» አለኝ።

«ከየት የመጣ ነው?»

«ከወዳጅ ነው። አንቺ ብቻ ላኪ።»

ሁለተኛ አልጠየቅኩም። ፋይሉን ስከፍተው ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ኢሜይል፣ የተመዘገቡበት ቀን በየረድፉ ተደርድሯል። መላኪያው ፕሮግራም የሚፈልገው ኢሜይሉን ብቻ ስለሆነ ሌላውን ትቼ የኢሜይሉን ረድፍ ብቻ ገለበጥኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ስማቸውን አንድ በአንድ አላየሁም። ሰዎች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ግን እንደ ሰው አላሰብኳቸውም።

ከዚያ በፊት የላክኋቸውን ኢሜይሎች የከፈታቸው ሰው ጥቂት ነበር። ጌታሁን በየሳምንቱ ስንት ሰው እንደከፈተ ይጠይቀኛል፤ እኔም በየሳምንቱ አፍራለሁ። ስለዚህ የዚያን ቀን ሰው ሳይከፍት ሊያልፈው የማይችል ርዕስ ለማግኘት ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሰው በስልኩ ላይ ሲያየው ልቡ የሚደነግጥለት ቃል ምንድን ነው? ስጽፍ ስሰርዝ ቆይቼ «በሰላም ደርሻለሁ» የሚል መጣልኝ። ተናጋሪው ዕቃው ነው። ከታች ደጃፍ ላይ የቆመ ፍሪጅ ምስል አደረግኩ፤ የማስታወቂያው ጽሑፍም በሙሉ ምስሉ ላይ ነው። ከምስሉ ሥር በትንንሽ ፊደል አድራሻችንን ጨመርኩ፦ ወልቂጤ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ። የላኪው ስም የድርጅታችን ስም ነው። ጌታሁን አይቶት ሳቀ፤ «ይሄ ነው ማርኬቲንግ ማለት» አለኝ። ከምሳ በፊት ላክሁት።

በማግስቱ የከፈተው ሰው ብዛት ከወትሮው በእጥፍ በልጦ ሳገኘው ደስ ብሎኝ ለእናቴ ሳይቀር ነገርኳት።

ሐሙስ ዕለት አራት ሰዓት ግድም በሩ ተንኳኳ። ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው ኮፍያ ያደረጉ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው ነጠላ ያጣፉ፣ ቀጠን ያሉ እናት አሉ። ደረታቸው ላይ ፌስታል ታቅፈዋል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

«ወአለይኩም ሰላም፣ አባቴ። ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«ከቡታጅራ ነው የመጣነው። ልጁ እዚህ ነው ተብለን ነው።»

ከቡታጅራ ዕቃ አዘው የዘገየባቸው ደንበኞች መሰሉኝ። ዕቃ የሚያደርሰውን ሾፌራችንን እኛም ደንበኞቻችንም «ልጁ» ነበር የምንለው። ስለዚህ ምንም ሳልጠራጠር «አዎ፣ ልጁ መንገድ ላይ ነው። አሁን ይደርሳል፤ ጠብቁት» አልኳቸው።

ሴትየዋ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ለአንድ ፍራሽ ይህን ያህል ምስጋና ገርሞኝ፣ ግን ብዙም ሳላስብበት ወደ ኮምፒውተሬ ዞርኩ።

ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጡ። በመካከሉ ሽማግሌው «ደህና ነው ግን? አልታመመም?» ብለው ጠየቁኝ። «ደህና ነው፤ ጠዋት አግኝቼዋለሁ» አልኳቸው። ሴትየዋ ደግሞ በተሰባበረ አማርኛ «ሁለቱም ናቸው?» አሉኝ። ሁለት ዕቃ ያዘዙ መስሎኝ «ሁለት ከሆነ ሁለቱንም ይዞ ይመጣል» አልኩ። እናቲቱ ያን ሲሰሙ ፌስታሉን ከፍተው ሁለት አዲስ ሸሚዝ አወጡና እንደገና አጣጥፈው መለሷቸው። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼም ምንም አልገባኝም።

ስድስት ሰዓት ሲል የሾፌራችን ድምፅ ደረጃው ላይ ተሰማ። «ይኸው ልጁ መጣ» አልኩ።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። ሾፌራችን አርባ ዓመት ያለፈው፣ መላጣና ወፍራም ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ላቡን እየጠረገ ሰላም አላቸው። ሽማግሌው አላዩትም ማለት ይቻላል። ሴትየዋ በትከሻው አሻግረው ደረጃውን ያያሉ። ማንም አልመጣም።

«ሌሎቹስ?» አሉ።

«የትኞቹ ሌሎች?» አለ ሾፌሩ።

ያኔ ነው አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ የገባኝ። «አባቴ፣ እናንተ የምትጠብቁት ማንን ነው?» አልኳቸው።

«ልጄን ነው። ሙባረክን። ከእሱ ጋር ደግሞ የእሷን ልጅ፣ ደረጀን። እዚህ ደርሻለሁ ብሎ ላከልን እኮ።» ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

ስልኩ ላይ የነበረው ይህ ነው። ከላይ «ልጃችሁ» ይላል። ከሥሩ «በሰላም ደርሻለሁ» ይላል። ምስሉ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር አልተከፈተም። ከባዶው ሥር አድራሻችን አለ። ወልቂጤ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ።

እኔ እንደጻፍኩት እያወቅኩ ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ። ደጋግሜ አነበብኩት። ፍሪጁን ፈለግኩ፤ የለም። ፍሪጁ ከሌለ ደግሞ ጽሑፉ አንድ ልጅ ለወላጆቹ የላከው መልእክት ነው። ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም።

«አባቴ» አልኩ፤ «ይሄ ማስታወቂያ ነው።»

«የምን ማስታወቂያ?»

«የዕቃ። ልጃችሁ የሚለው የድርጅታችን ስም ነው።»

«ደርሻለሁ ያለውስ ማነው?»

«ዕቃው ነው።»

ሽማግሌው አዩኝ። አልተቆጡም። በእውነት ሊገባቸው የፈለጉ ሰው ናቸው። «ዕቃ እንዴት ደርሻለሁ ይላል?» አሉኝ።



እናቲቱ በፍጥነት የሚወራ አማርኛ ያመልጣቸዋል። ወደ ሽማግሌው ዞረው በጉራግኛቸው አንድ ነገር ጠየቁ። እኔ የማውቀው የሰባት ቤት ጉራጌን ንግግር ስለሆነ የእነሱ ንግግር እየተቆራረጠ ነው የሚሰማኝ። ሽማግሌው በአጭሩ መለሱላቸውና ሴትየዋ ተመልሰው ተቀመጡ። ያሏቸውን በኋላ ነው ያወቅኩት። «ትንሽ ጠብቁ ትላለች» ነው ያሏቸው።

ከዚያ ሽማግሌው ኮሪደሩ ላይ ወስደው ታሪኩን ነገሩኝ። ጋሽ ከማል ይባላሉ፤ ቡታጅራ በርበሬ ይነግዳሉ። ሴትየዋ እትዬ አስካለ ናቸው፤ አጥር ለአጥር ጎረቤታቸው። ልጆቻቸው ሙባረክና ደረጀ አብረው አድገው፣ አብረው ተምረው፣ አንድ ቀን አብረው በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጡ። ሙባረክ ከመሄዱ በፊት በአባቱ ስልክ ላይ ኢሜይል ከፈተላቸው። «ስልኬን መንገድ ላይ ቢወስዱብኝ እንኳ ከማንም ስልክ ላይ እጽፍልሃለሁ» አላቸው። ከናይሮቢ አንድ ጊዜ ደወሉ። ከዚያ በኋላ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ድምፅ የለም።

«ሰኞ ዕለት ስልኩ ጮኸ» አሉኝ። «አስካለን ጠራኋት። ሰፈሩ ተሰበሰበ። እሷ ከልጇ መሄድ ወዲህ የሳቀችው ያን ቀን ነው። መልሰን ጻፍንለት፤ መልስ የለም። የጎረቤት ልጅ አድራሻውን አነበበልንና ዛሬ መጣን።»

«መልሰን ጻፍንለት» ሲሉኝ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የምንልክበት ኢሜይል ላይ ሰው መልስ ቢጽፍ የሚገባበት ሳጥን አለ፤ ማንም አያነበውም ነበር። ገብቼ ከፈትኩት። ከጋሽ ከማል አድራሻ ብቻ ዘጠኝ መልእክት ቆይቶኛል። «ልጄ ደህና ነህ ወይ።» «ደረጀ አጠገብህ ነው ወይ፣ እናቱ ድምፁን ልስማ ትላለች።» «ገንዘብ የለኝም ብለህ እንዳታፍር፣ ና ብቻ።» የመጨረሻው ያን ዕለት ጠዋት የተላከ ነው። «እየመጣን ነው፣ ከዚያ ቤት እንዳትወጣ» ይላል።

እንባዬ መጣ። ጌታሁን ያኔ ገባ። የሆነውን ስነግረው ፊቱ ተቀያየረ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ደንግጦ «ይቅርታ ጠይቂያቸውና መሳፈሪያ ሰጥተን እንሸኛቸው። ቢያመለክቱብን ጣጣ ነው» አለኝ።

ይህን እያወራን ጋሽ ከማል በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። «አንድ ነገር ጠይቄሽ እንሄዳለን» አሉ። «ይህን አድራሻ ከእኔና ከልጄ በቀር የሚያውቀው የለም። ለማንም አልሰጠሁም። አንቺ ከየት አመጣሽው?»

ጌታሁን አየኝ። እኔም ጌታሁንን አየሁት። ያን ጥያቄ ሰኞ ዕለት እኔው ጠይቄ መልሱን ሳልጠብቅ የተውኩት ነው።

ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ስምና ስልክ ያለበትን ዋናውን ፋይል ከፍቼ የጋሽ ከማልን ኢሜይል ፈለግኩ። ወዲያው መጣ። አጠገቡ ያለው ስም ግን ከማል አልነበረም። «ሙባረክ ከማል» ይላል። ስልክ ቁጥር አለው። የተመዘገበበት ቀን ከሦስት ወር በፊት ነው። ጌታሁን በጆሮዬ ነገረኝ፤ ፋይሉ መንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ውስጥ የሚሠራ ወዳጁ የሰጠው የተመዝጋቢዎች ዝርዝር ነው።

ሞቶ ይሆን እያሉ የሚያለቅሱለት ልጅ ከሦስት ወር በፊት እዚሁ አገር መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ተመዝግቧል።

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተሰማኝ። አንደኛው ጮኼ ልንገራቸው የሚል ነው። ሁለተኛው እንዳልናገር የያዘኝ ነገር ነው። ልጁ አገር ውስጥ ሆኖ ሦስት ወር ወደ ቤቱ ያልደወለ ከሆነ ምክንያት አለው። የሰውን አድራሻ ሳላስፈቅድ ወስጄ ያደረስኩትን ጉዳት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እያየሁ፣ አሁን ደግሞ ሳላስፈቅድ የእሱን ቁጥር ልስጥ? ደግሞስ አባት ናቸው፤ ከአባት የሚደበቅ ነገር ምን አለ? ምን ማድረግ እንዳለብኝ በፍጹም አላወቅኩም። «አጣርቼ እነግርዎታለሁ፣ ይታገሡኝ» አልኳቸውና ጣሪያው ላይ ወጥቼ ደወልኩ።

«ሄሎ» አለ አንድ ወጣት ድምፅ። ከበስተጀርባው ሞተር ይጮኻል።

«ሙባረክ ከማል ነህ?»

«ማን ልበል?»

«መሠረት እባላለሁ። ቁጥርህን ያገኘሁት መንጃ ፈቃድ ስትመዘገብ ከሞላኸው ቅጽ ላይ ነው። አባትህ እኔ ጋ፣ ወልቂጤ ናቸው።»

ዘጋው። እንደገና ደወልኩ፤ አያነሳም። በሦስተኛው አነሳ።

«አባቴ ብቻውን ነው?» አለኝ።

«እትዬ አስካለም አሉ።»

 የሞተሩ ድምፅ ባይኖር ዳግም የዘጋው ይመስለኝ ነበር።

«እሷ ለምን መጣች?»

«ልጇን ፍለጋ። በእኔ ጥፋት ነው፤ ሁለታችሁም የመጣችሁ መስሏቸዋል።»

«ደረጀ የለም» አለኝ።

«የት ነው?»

«የለም አልኩሽ እኮ።»

ገባኝ። የውሃ ታንከሩን ተደግፌ ቆምኩ። እሱ ግን አንዴ ከጀመረ ማቆም አልቻለም። ደረጀ መንገድ ላይ ታሞ፣ ማላዊ ሳይደርሱ እንደሞተ፣ እሱ ተይዞ ታስሮ እንደተመለሰ፣ ቡታጅራ መግቢያ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄዶ ከአውቶቡስ ሳይወርድ እንዳለፈ ነገረኝ። «ለአባቴ ከታየሁ ለእሷም መታየቴ ነው። ምን ብዬ በዚያ አጥር አልፋለሁ? መንጃ ፈቃድ ስመዘገብ ኢሜይል ካልሞላህ አሉኝ። የእኔን የይለፍ ቃል ረስቼዋለሁ። በቃሌ የማውቀው የአባቴን ነው፤ ሞላሁት። ከዚያ ወጥቶ እሱ ጋ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም።»

«ቁጥርህን ለአባትህ ልስጣቸው?»

«አትስጪ።»

«በሕይወት እንዳለህስ ልንገራቸው?»

«ንገሪው» አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ «አይ፣ ለእሱ ከነገርሽው ፊቱን አይታ ታውቃለች። ዝም በይ።»

«እሺ። አንተ ሳትፈቅድ አልናገርም። ግን እዚህ ተቀምጠው እየጠበቁ ነው።»

«ጉብሬ ነኝ» አለኝ በመጨረሻ። «ጎማ ቤት እሠራለሁ። ዛሬ ከመጣሁ መጣሁ። ካልመጣሁ ቁጥሬን አጥፊው።»

ጉብሬ። ያን ጠዋት ሚኒባሳቸው በዚያው መንገድ አልፎ ነው ወልቂጤ የገባው።

ስወርድ ጋሽ ከማል ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ፊቴን አዩት። «አንቺ ልጅ፣ ያወቅሽው ነገር አለ» አሉኝ።

«አባቴ፣ እንድናገር አልተፈቀደልኝም።»

«ማነው የሚፈቅደው?»

 እሳቸው ራሳቸው ትንሽ አሰቡና ሌላ አልጠየቁኝም። ውዱእ የሚያደርጉበት ውሃ ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። ጥግ ላይ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን ሰገዱ። ሲሰግዱ ግንባራቸውን ከመሬት ሳያነሱ ብዙ ቆዩ። ምን እንደተረዱ በኋላ ነግረውኛል፤ «ፈቃድ የሚሰጥ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። ስለ ሁለተኛው ግን አልጠየቅኩሽም፤ ፈራሁ» አሉኝ።

ምግብ አስመጣሁ። እትዬ አስካለ አልነኩትም። «ከልጆቹ ጋር እበላለሁ» አሉኝ። ከጎናቸው ተቀምጬ ነበር። የማውቀውን እያወቅኩ «ይብሉ እንጂ» ማለት ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ማታለል ይሁን ማዘን፣ እስከ ዛሬ ስም አላገኘሁለትም። እሳቸው ደግሞ ስለ ደረጀ ያወሩኝ ነበር። ልጅ ሳለ ቋንጣ ከተሰቀለበት ሰርቆ እንደሚበላ፣ ሲሳሳት ጆሮው እንደሚቀላ። ለእኔ ብለው በአማርኛ፣ ቃል እየፈለጉ። ጌታሁን ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ምንም ሳይሠራ ዋለ።

አስር ሰዓት ሲሆን አይመጣም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከዚያ ደረጃው ላይ ዝግ ያለ እርምጃ ተሰማ። ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይወጣል። ወንበር የለቀቀ ሰው የለም። በሩ ተገፋ፤ ቱታው በግሪስ የቆሸሸ፣ ፊቱ የከሳ ወጣት ገባ።

ጋሽ ከማል ብድግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ሙባረክ በአባቱ እጅ አጠገብ አልፎ ሄደና እትዬ አስካለ እግር ሥር ተንበረከከ። ግንባሩን ጉልበታቸው ላይ አደረገ። 

እትዬ አስካለ መጀመሪያ ራሱን ዳበሱት። ከዚያ በሩን አዩ። ከዚያ እንደገና እሱን አዩ። እጃቸው ራሱ ላይ ቀስ ብሎ ቆመ። በጉራግኛ አንዲት አጭር ጥያቄ ጠየቁት። ያችን ግን ተረዳኋት።

«ቀበርከው?»

«በእጄ» አለ።

ከዚያ የሆነውን በዝርዝር አልጽፍም። የሰው ሀዘን ነው፤ ጻፊ ያለኝ የለም። ጌታሁን ራሱ መኪናውን አውጥቶ እስከ ቡታጅራ እንዳደረሳቸው ብቻ ልናገር።

በሦስተኛው ቀን እኔም ለቅሶ ለመድረስ ሄድኩ። ሳልጠራ መሄዴን መንገዱን ሙሉ ሳስብበት ነበር፤ ልመለስ ብዬ ቡታጅራ መናኸሪያ ውስጥ ቆሜ ነበር። እትዬ አስካለ ደጅ ድንኳን ተተክሏል። ጋሽ ከማል የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም እንግዳ እየተቀበሉ ያስቀምጣሉ። ሙባረክ ውሃ ያቀርባል፤ ቀና ብሎ ግን ማንንም አያይም። እትዬ አስካለ ሲያዩኝ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እጄን ያዙ።

«አንቺን ልመርቅሽ ወይስ ልርገምሽ፣ አላወቅኩም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ሳውቅ እነግርሻለሁ።»

እስካሁን አልነገሩኝም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር ምን አስተማረሽ ብትሉኝ የተስተካከለ መልስ የለኝም። ያደረግኩትን ልነግራችሁ እችላለሁ። ወልቂጤ ስመለስ ያን ዝርዝር በጌታሁን ፊት አጠፋሁት። ማሰልጠኛ ያለውን ወዳጁንም ከዚያ በኋላ የማንንም ቅጽ ለማንም እንዳይሰጥ ተጣላሁት። እነዚያ ሰዎች ቅጹን የሞሉት መኪና መንዳት ሊማሩ ነው እንጂ ፍሪጅ እንድንሸጥላቸው አልነበረም። ሕግ የተማረች ጓደኛዬን ሳማክራት፣ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል መላክ በአገራችንም ሊያስቀጣ እንደሚችል፣ ቢያንስ ላኪው ማንነቱን በግልጽ መናገርና ተቀባዩ «ከእንግዲህ አትላኩልኝ» የሚልበት ቀላል መንገድ መስጠት እንዳለበት ነገረችኝ። እኔ አድራሻ ጽፌ ነበር። ማንነቴን ግን «ልጃችሁ» ብዬ ነው የጻፍኩት። አትላኩልኝ የሚባልበት መንገድ ቀርቶ ዘጠኝ ጊዜ «ልጄ» ብሎ የጻፈ አባት የሚሰማበት መንገድ አልነበረኝም።

ለጋሽ ከማል መክሰስ እንደሚችሉ ራሴ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። «ልጄን ያገኘሁበትን ነገር ይዤ ወዴት ልሂድ?» አሉኝ። ቆየት ብለው ግን እንዲህ ጨመሩ፤ «እኔ የምልሽን አትስሚ። እኔ ልጄ ተመልሶልኛል።»

ዛሬም ከጌታሁን ጋር ነው የምሠራው። የድርጅቱን ስም ቀይረናል። አሁን የምልከው «ላኩልኝ» ብሎ በራሱ እጅ ለተመዘገበ ሰው ብቻ ነው፤ ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ ርዕሱም «የዚህ ሳምንት የፍራሽ ዋጋ» ዓይነት ደረቅ ነገር ነው። መልስ የሚገባበትን ሳጥን በየቀኑ ጠዋት አነባለሁ። አንዳንዴ ሰው «የምትልኩት ማስታወቂያ አይመቸኝም፣ አስወጡኝ» ብሎ ይጽፋል። ወዲያው አስወጣዋለሁ፤ አስወጥቼም ይቅርታ እጽፍለታለሁ።

ግራ የሚያጋባኝ ግን ይህ ነው። ጓደኛዬ የነገረችኝ ሕግ የሚጠብቀው መልእክቱ የደረሰውን ሰው ነው። ጋሽ ከማል ተቀባይ ናቸው። ሙባረክ የቅጹ ባለቤት ነው። እትዬ አስካለ ኢሜይል የላቸውም። አድራሻቸው የትኛውም ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ፈቃዳቸውን ጠይቂ የሚለኝ ማንም የለም፣ ይክሰሱኝ የምላቸውም በምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ሳላስፈቅዳቸው፣ የሞተ ልጃቸውን በሕይወት አኑሬባቸዋለሁ።